ቤቱ የሕንዱ፥ ስሙ የፈረንሳዩ፤ ጀፎረውስ የማን ነው?

በሐረር ጀጎል ውስጥ እንግዳ ሁሉ ሳያየው የማይመለስ አንድ ባለ ፎቅ ቤት አለ። ጣሪያው በቀለም ያጌጠ፥ መስኮቶቹ በባለ ቀለም መስተዋት የተዋቡ፥ የእንጨት ሥራው ዓይንን የሚማርክ ነው። ስሙ «የራምቦ ቤት» ነው። አርተር ራምቦ የተባለው ፈረንሳዊ ባለቅኔ ሐረር የገባው እ.ኤ.አ. በ1880 መጨረሻ ነበር። በ1891 እግሩን ታሞ በቃሬዛ ከከተማዋ ወጣ፤ በዚያው ዓመት ማርሴይ ላይ በ37 ዓመቱ ሞተ። ቤቱን ያሠራው ግን ባለቅኔው ከሞተ ከዓመታት በኋላ፥ በሃያኛው መቶ ዓመት መባቻ፥ አንድ ባለጸጋ ሕንዳዊ ነጋዴ ነው። እንግዲህ ባለቅኔው ቤቱን አላሠራውም፤ አልገዛውም፤ አንዲት ሌሊት እንኳ አላደረበትም። በበሩ ላይ የሚነበበው ግን የእርሱ ስም ነው።

«በዚያ ስፍራ ላይ ቀድሞ የኖረበት ቤት ነበር» የሚሉ ተከራካሪዎች አሉ። ይሁን ብለን እንቀበል። ታዲያ ቦታውን በስሙ መጥራት አንድ ነገር ነው፤ በቦታው ላይ ሌላ ሰው በሌላ ዘመን ያቆመውን ግድግዳ፥ ደረጃና ሰገነት ለእርሱ ማውረስ ግን ሌላ ነገር ነው።

እኔም በስንኝ እንጀራዬን የምበላ ሰው ነኝና ባለቅኔ መከበሩን አልጠላም። በአገራችን ለባለቅኔ የቆመ ቤት ምን ያህል ጥቂት እንደሆነ የዚህ መጽሔት አንባቢ ያውቃል። ነገር ግን ራምቦ ወደ ሐረር የመጣው ቅኔ ይዞ ሳይሆን ቅኔን ጥሎ ነው። መጻፍ ያቆመው ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ሳለ ነበር። ሐረር ውስጥ ለኤደን ነጋዴዎች ወኪል ሆኖ ቡናና ቆዳ ገዛ፥ ሸጠ፤ በኋላም በራሱ ስም ነገደ፤ እ.ኤ.አ. በ1886 እና በ1887 ደግሞ ለሸዋው ንጉሥ ለምኒልክ ጠመንጃ የጫነ ቅፍለት መርቶ እንጦጦ ደረሰ። ስለዚህ ቤቱን የነጋዴ ቤት ብለን ብንጠራው እንኳ ለራምቦ የሐረር ኑሮ የቀረበ እውነት በተናገርን ነበር! የአውሮፓ ጎብኚ ግን የሚፈልገው ነጋዴውን ራምቦ አይደለም፤ የፓሪሱን ወጣት ነው። እኛም የተፈለገውን አቀረብንለት።

የተሰረዘው ሰው ማን እንደሆነ እንመልከት። በጥር 1879 ዓ.ም. ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ ሐረር በምኒልክ ግዛት ሥር ስትገባ የሕንድ ነጋዴዎች በብዛት ወደ ከተማዋ ዘለቁ። ይዘውትም የመጡት ጨርቅና ሸቀጥ ብቻ አልነበረም፤ የቤት አሠራርም ነበር። የጥንቱ የሐረሪ ቤት ፊቱን ወደ ውስጥ ያዞረ ነው፤ በሩ ወደ ግቢ ይከፈታል፥ ክብሩም ውስጥ ባሉት መደቦች፥ በግድግዳው መስኮቶችና በተሰቀሉት ሙዳዮች ላይ ነው። የሕንዱ ቤት ግን ፎቅ ሆኖ ከእንጨት የተሠራ ሰገነቱን ወደ መንገድ ያወጣል፤ መንገዱን ያያል፥ በመንገደኛም ይታያል። የጓዳ ከተማ በነበረችው ሐረር ላይ የገበያ ከተማ ሲደረብባት በዓይን የሚታየው በእነዚህ ሰገነቶች ነው። የሐረሪ ሰዎችም ሁለቱን አሠራር አዳቅለው ሦስተኛ ዓይነት ቤት ፈጠሩ። ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ስትመዘገብ ከመስጊዶቿና ከግንቧ ጋር እነዚህ የሕንድ ነጋዴዎች ቤቶችና ድቅሎቹ በስም ተጠቅሰዋል። የዓለም መዝገብ የመሰከረለትን ሰው የገዛ በሩ ካደው ማለት ነው።

ነገሩ የአንድ ቤት ስህተት ብቻ ቢሆን ባለፍሁት ነበር። የአብዱላሂ ሸሪፍ ሙዚየም የሚገኝበት፥ «የራስ ተፈሪ ቤት» የሚባለው ያማረ ሕንፃም በሕንዳዊ ነጋዴ የተሠራ ነው። ተፈሪ መኰንን በሙሽርነታቸው ሰሞን ጥቂት ጊዜ ተቀምጠውበታል፤ ስሙ በዚያው ቀረ። ሁለት ቤት፥ ሁለት ስም፤ አንዱ ለንጉሥ፥ አንዱ ለፈረንጅ ባለቅኔ። ያሠራው በሁለቱም የለም። የሠራው አናጢና ግንበኛማ ከመጀመሪያውም አልተቈጠረም።

እዚህ ላይ አንድ ጠንቃቃ ካድሬ እጁን ያነሣ ይሆናል። «ነጋዴው በዝባዥ ከበርቴ አልነበረምን? ለከበርቴ ስም ስለምን እንሟገታለን?» ይላል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም አጭር ነው፤ የምንሟገተው ለውዳሴው ሳይሆን ለመዝገቡ ነው። ቤቱ በነጋዴው ስም ሲጠራ ተማሪው «ይህ ሀብት ከየት መጣ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ቡናውን የለቀመው ገበሬ፥ ግመሉን የነዳው ቀፋላ፥ ጭነቱን የተሸከመው ኩሊ፥ በመዓዛ በሚሞላው መጋዘን ውስጥ ቡና የምትለቅመው ሴት በጥያቄው ተከትለው ይገባሉ። በባለቅኔው ስም ሲጠራ ግን ተማሪው የሚጠይቀው ስለ ባለቅኔው ብቻ ነው። ነጋዴውን የደበቀ ስም ብዝበዛውንም አብሮ ይደብቃል። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ለመንግሥት ከዞረ በኋላ በየከተማው ያሉ ብዙ የነጋዴ ቤቶች በየክፍላቸው ለተከራይ ቤተሰቦች ተደለደሉ። ያም የቤቶቹ ታሪክ ነው። ቅርስ ነው ብለን ስናድስ ግን መጀመሪያ የምንጠርገው ይህንኑ የተከራዮች ታሪክ ነው።

ይህን ሁሉ ከጉራጌ ምድር ሆኜ የማነሣበት ምክንያት አለኝ። ያው አስተሳሰብ ወልቂጤና ቡታጅራ ደርሷል። በስብሰባም፥ በመምህራን ክፍልም፥ «እኛ እኮ ታሪካዊ ቤት የለንም፤ ምን እናስጎብኝ?» የሚል ቃል ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ቅርስ ማለት ፎቅ፥ ፎቅ ማለት ባለጸጋ፥ ባለጸጋ ማለት ከውጭ የመጣ ሰው ሆኖ ተገኘ።

ወልቂጤና ቡታጅራ የመንገድ ልጆች ናቸው፤ አንዷ በጅማ መንገድ፥ ሁለተኛይቱ ወደ ሆሳዕናና ሶዶ በሚወስደው መንገድ ላይ። ነጋዴ ሳይኖራቸው ቀርቶ አይደለም ግንብ ያልወረሱት። የጉራጌ ነጋዴ ሀብቱን ያፈራው በአዲስ አበባ ነው፤ የዚያም ታሪክ ከሕንዱ ነጋዴ ታሪክ ጋር የተጋመደ ነው። በአራዳ ስሙ የገነነውን የመሐመድ ዓሊን የሕንድ ንግድ ቤት ፋሺስት ኢጣልያ እ.ኤ.አ. በ1937 ከአገር አስወጣው። ያው ወራሪ አበሻን ከነጭ ለይቶ ለማስቀመጥ ሲል ገበያውን ከአራዳ ነቅሎ ወደ አዲስ ከተማ ወሰደው። በንቀት በተከለለው በዚያ ገበያ ውስጥ፥ በመርካቶ፥ ተሸካሚና ሊስትሮ፥ ሱቅ በደረቴ የነበረው የጉራጌ ልጅ ቀስ በቀስ መደብር ከፈተ። ሀብት ሲይዝስ ምን ሠራ? በ1950ዎቹ ከትልቁ ነጋዴ እስከ ሊስትሮው ሳንቲም አዋጥተው ማኅበር አቋቁመው ወደ ትውልድ አገራቸው የሚዘልቅ መንገድ አስጠረጉ። የሐረሩ ነጋዴ ለመንገድ የሚታይ ሰገነት ሠራ፤ የጉራጌው ነጋዴ ራሱን መንገዱን ሠራ። በዚያ መንገድ ዳር የቆመ አንድ የመታሰቢያ ድንጋይ የሚያሳየኝ ሰው ቢገኝ ደስ ይለኛል።

ከመንገዱ የሚበልጥም አለ፤ ጀፎረ። ጀፎረ በሁለት ረድፍ በተሠሩ ቤቶች መካከል የተዘረጋ ሰፊ የሣር ሜዳ ነው። ፈረስ ይጋለብበታል፥ ለቅሶ ይቀመጡበታል፥ የመስቀል በዓል ይከበርበታል፥ ሽማግሌ ይዳኝበታል፥ ልጅ ይቦርቅበታል። ስፋቱን ያስከበረው ንጉሥ ወይም ማዘጋጃ ቤት አይደለም፤ የሰባት ቤት ጉራጌ የጆካ ቂጫ፥ የክስታኔም የጎርደና ሥርዓት ነው። ባለጸጋም ቢሆን አጥሩን አንድ ክንድ ወደ ጀፎረው ሊያስገፋ አይችልም ነበር። ቤቱም እንዲሁ ነው፤ መካከለኛው ምሰሶ ከሩቅ በሰው ትከሻ ይመጣል፥ አናጢው ባለሙያ ነው፥ ሣር ክዳኑ በደቦ ይከደናል። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም «አፈርሳታ» በተሰኘው የእንግሊዝኛ ልቦለዱ ታሪኩን ሁሉ ያሽከረከረው በአንዲት የጉራጌ ጎጆ መቃጠል ላይ ነው። ደራሲው ቤተ መንግሥት አላስፈለገውም፤ አንድ ጎጆ በቃው።

ዛሬ ያ ጀፎረ እየጠበበ ነው። የባሕር ዛፍ ተክል ገፋው፤ አጥር ገፋው፤ መኪና መሐሉን አርሶ አቧራ አደረገው። ለክዳን የሚሆን ሣር ጠፍቶ ቆርቆሮ ተተካ፤ በዚህስ ገበሬውን አልወቅስም፥ ቆርቆሮ አያፈስም። የምወቅሰው በመስተዋት የተለበጠ ሕንፃ በየከተማው ሲመረቅ የሚያጨበጭበውን፥ ጀፎረ ሲታጠር ግን «የግል ጉዳይ ነው» የሚለውን ባለ ሥልጣን ነው። የምወቅሰው የሐረርን ሰገነት በሥዕል እየሣለ የእናቱን ቤት ምሰሶ ስም የማያውቀውን ሠዓሊ ነው። ስለ ቅርስ ጥበቃ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 የማይንቀሳቀስ ቅርስ ሲል ግንብ ብቻ አላለም።

በሐረር የሚሠራው ሥራ ቀላል ነው፤ አንድ ሰሌዳ መለወጥ። የነጋዴው ቤት መሆኑ፥ ከየት እንደመጣ፥ በምን ንግድ እንደከበረ ይጻፍ፤ ራምቦም ከታች በእንግድነት ይጠቀስ፤ ፎቶግራፎቹ እዚያው ይሰቀሉ። ፈረንሳዊው ጎብኚ ቅር ብሎት አይመለስም፤ ቢመለስም ቤቱ አይፈርስም።

በጉራጌ ምድር ያለው ሥራ ግን ጊዜ አይሰጥም። የወልቂጤና የቡታጅራ መምህራን ከአሥረኛ ክፍል ተማሪዎቻቸው ጋር ገመድ ይዘው በየአቅራቢያቸው ያለውን ጀፎረ ርዝመቱንና ስፋቱን ይለኩ፤ ቤቶቹን ይቍጠሩ፤ የዱሮው ወሰን የት እንደነበረ ሽማግሌዎችን እየጠየቁ ይመዝግቡ። ካድሬው ያ መዝገብ ሳይቀርብለት የአጥር ፈቃድ ላይ እንዳይፈርም ይከልከል። እኛ ጸሐፌ ተውኔቶችም ተውኔታችንን ከአዳራሽ አውጥተን ጀፎረው ላይ እናሳይ፤ ሰው ከተሰበሰበበት ስፍራ ላይ አጥር የሚተክል ደፋር ጥቂት ነው። መስከረም ሲጠባ ነጋዴው ለመስቀል ከመርካቶ ወደ አገሩ ይገባል፤ ልኬቱ ከዚያ በፊት አልቆ በእጁ ሊሰጠው ይገባል፤ በግቢው ፊት ያለው አጥር ስንት ክንድ እንደተራመደ የሚያየው ያን ጊዜ ነው።