ጎተራ ሲጎድል የሚገባ ጾም

መንፈሳዊ ዝለት የተጫነው የከተማ ምእመን ገጠርን የሚናፍቀው ብዙውን ጊዜ ጸጥታ ፍለጋ ነው፤ ንጹሕ አየርና ስልክ የማይጮኽበት አንድ ሳምንት ነፍስን ያሳርፋሉ ተብሎ ይታመናል። ይህ እምነት ጨርሶ ሐሰት ባይሆንም ጎደሎ ነው፤ ምክንያቱም የደጋው ገበሬ ኑሮ ጸጥታ የሰፈነበት ሳይሆን ድካም የበዛበት ሲሆን፣ እምነቱ የሚታደሰውም ከሥራ በመሸሹ ሳይሆን ሥራውና ጸሎቱ በአንድ የዘመን አቆጣጠር በመመራታቸው ነው።

ለዚህ ከሁሉ የተሻለው ማስረጃ ክረምቱ ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ዘመነ ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 የሚዘልቅ ሲሆን፣ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረው ቅዱስ ያሬድ በደረሰው ድጓ፣ ማለትም የዓመቱ ዜማ በተሰበሰበበት መጽሐፍ፣ ወቅቱ የራሱ መዝሙር አለው። እስከ ሐምሌ 18 ድረስ ዘርና ደመና ይታሰባሉ፤ ከሐምሌ 19 እስከ ነሐሴ 9 ደግሞ መብረቁ፣ ነጎድጓዱ፣ ባሕሩና ወንዙ ይነሣሉ። ካህኑ ስለ ዘር ሲያስተምር ሰሚው ትናንት ማታ እጁን ከእርፍ ያነሣ ሰው ስለሆነ፣ ምሳሌው እንዲገባው ማብራሪያ አያስፈልገውም።

የጤፍ አዘራር በዚህ ረገድ ብዙ ያስተምራል። ማሳው ተደጋግሞ ይታረሳል፤ በብዙ አካባቢም የላላው አፈር እንዲጠቀጠቅ ከብት ይነዳበታል፤ ከዚያም አንዱ ግራም ብቻ ከ2,500 የማያንስ ፍሬ የሚይዘው ዘር በእጅ ይበተናል። ይህን ያህል የደከመው ሰው ዝናቡን ግን ሊያመጣውም ሊያቆመውም አይችልም፤ ከዚህ በኋላ የሚቀረው አረሙን መንቀልና ደጅ መጥናት ነው። በወር ደመወዝ የሚተዳደር ክርስቲያን የዕለት እንጀራውን ሲለምን ልመናው ከአፍ የማያልፈው፣ እንጀራው ከየት እንደሚመጣ አስቀድሞ የሚያውቅ ስለሚመስለው ሊሆን ይችላል።

ከነሐሴ 10 እስከ 27 ያለው ክፍል ደግሞ እጕለ ቋዓት፣ ደሰያትና ዐይነ ኵሉ የሚታሰቡበት ነው፤ ትርጉማቸውም የቁራ ጫጩቶች፣ ደሴቶችና የፍጥረት ሁሉ ዐይን ማለት ነው። በሊቃውንቱ ትርጓሜ መሠረት የቁራ ጫጩት ላባ ሳያበቅል ስለሚፈለፈል ወላጆቹ ትተውት ይሄዳሉ፤ የሚመግበውም ፈጣሪ ብቻ ነው። የዚህ ትምህርት ክብደት የሚታወቀው ጊዜው ሲጤን ነው፤ ነሐሴ ባለፈው ዓመት የተወቃው እህል የሚሟጠጥበት፣ አዲሱ ደግሞ ገና ቡቃያ የሆነበት ወር ነው። የፍልሰታ ጾምም ከነሐሴ 1 እስከ 15 የሚውለው በዚሁ በጎተራ መጉደል ወቅት ነው። በጠገበ ቤት የሚጾም ሰው የተወውን ምግብ ይቆጥራል፤ ጎተራው የጎደለበት ገበሬ ግን ባይጾምም ሊያጣው የሚችለውን ነገር አስቀድሞ በፈቃዱ ለፈጣሪ ይሰጣል። ይህ ድህነትን ማሞካሸት አይደለም፤ ረሃብ በራሱ ማንንም አያጸድቅምና።

የገጠሩን በዓላት ብዛት የሚተቹ ወገኖች ሥራ ይስተጓጎላል ማለታቸው መሠረት የለውም አይባልም፤ በሥርዓትም ቢሆን የወር በዓላት ሁሉ እኩል ሥራ አይከለክሉም። ሆኖም ሞፈር በማይነሣበት ቀን ታማሚ ይጠየቃል፣ የተጣላ ይታረቃል፣ ጽዋ ማኅበርም ይጠጣል። ጽዋ ማኅበር ጥቂት ጎረቤቶች በአንድ ቅዱስ ስም ተሰባስበው፣ ለምሳሌ በየወሩ በ12 ሚካኤልን ወይም በ21 ማርያምን፣ በየተራ በየቤታቸው የሚዘክሩበት ኅብረት ነው። ተረኛው ዳቦና ጠላ ያዘጋጃል፣ ካህኑ ይባርካል፣ ሙሴ የሚባለው የማኅበሩ አለቃ ሥርዓቱን ይመራል፤ በመጨረሻም ጽዋው ለቀጣዩ ወር ተረኛ ይሰጣል። ተቀባዩ ያን ጊዜ ያለው ሀብት ምንም ይሁን፣ ከሠላሳ ቀን በኋላ ጎረቤቶቹን በቤቱ ለማስተናገድ ኃላፊነት ወስዷል። የተቀያየሙ ሰዎች ሳይታረቁ አብረው መጠጣታቸው ነውር በመሆኑም፣ ቂም ከወር ወር መሻገሩ አስቸጋሪ ነው።

የከተማው ሰው የጥሞና ቀኑን ራሱ ይመርጣል፤ የሚጠብቀውም ስለሌለ ራሱ ይሰርዘዋል። ማኅበርተኛው ግን ቀኑን አልመረጠም፤ ቢቀር ምን ነካው ብሎ ደጁን የሚያንኳኳ አለ። በአሜሪካ ከተሞች የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በዓሉ በሥራ ቀን ሲውል ማኅበሩን ወደ ቅዳሜ ወይም ወደ እሑድ እያሸጋገሩ ተራቸውን መጠበቃቸው፣ ሥርዓቱ ከማሳው ርቆም ሊቆም እንደሚችል ያሳያል። ስለዚህ መታደስ የሚፈልግ የከተማ ምእመን ገጠር ሄዶ ሳምንት ከመሰንበት ይልቅ፣ በሰፈሩ ማኅበር ገብቶ ተራ መቀበሉ ወደ ገበሬው ኑሮ ይበልጥ ያቀርበዋል፤ እርግጥ ነው፣ ወጪውም ጣጣውም ከጉዞው ይበዛል።