የቤት አያያዝ፦ የጓሮ ዕቃ ቤት እንዲበረክት

በጓሮ የሚሠራ የእንጨት ዕቃ ቤት ለቤተ ሰብ ታላቅ ረዳት ነው፤ ዶማው፣ አካፋው፣ መጥረቢያውና ማገዶው በየስፍራው ሳይዝረከረክ በአንድ ክዳን ሥር ይሰበሰባልና። ይሁን እንጂ ብዙ ገንዘብ የወጣበት ቤት ጥቂት ክረምት አሳልፎ ቋሚው ከሥሩ ሲበላና ሲያዘነብል እናያለን። የዚህም ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ የምርጫና የአያያዝ ጉድለት ነው።

የእንጨት ጠላቶች ሁለት ናቸው፤ እነርሱም ርጥበትና ምስጥ ናቸው። ደረቅ ሆኖ የሚኖር እንጨት አይበሰብስም። ፈጥኖ የሚበሰብሰው አየርና ርጥበት በሚገናኙበት ስፍራ፣ ይኸውም በመሬቱ ገጽ ልክ ነው። ምስጡም የሚመጣው ከዚያው ከአፈሩ ነው። ስለዚህ ቋሚውን ከላይ ብቻ አይተው ደኅና ነው አይበሉ፤ ሥሩን ይመርምሩ።

በአገራችን ጽድና ወይራ ምስጥን በመቋቋም ከጥንት ጀምሮ የታወቁ ናቸው። ዛሬ ግን እነዚህ ዛፎች ስለ ተመናመኑ፣ አብዛኛው ሰው የሚሠራው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን በገባው በባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ ቀጥ ብሎ በቶሎ የሚያድግ ዛፍ ቢሆንም፣ መድኃኒት ሳይነካው መሬት ውስጥ ቢተከል ዕድሜው አጭር ነው። ገዢውም ቅርፊቱ የተላጠና በጥላ ሥር በሚገባ የደረቀ መሆኑን ያረጋግጥ፤ እርጥብ እንጨት ኋላ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃልም።

መድኃኒት የገባበት እንጨት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። በብሩሽ የተቀባ መድኃኒት ከላይኛው ገጽ ብዙም አያልፍም። በፋብሪካ ግን እንጨቱ በተዘጋ የብረት በርሜል ውስጥ ይገባና አየሩ ከወጣ በኋላ መድኃኒቱ በግፊት ይሰርጽበታል። እንዲህም ሆኖ መድኃኒቱ የሚሰርጸው ከቅርፊቱ በታች ባለው ነጣ ባለ ክፍል ነው እንጂ ወደ ግንዱ ልብ እምብዛም አይደርስም። ስለዚህ ቋሚው በመጋዝ ቢያጥር፣ የተቆረጠው ጫፍ ወደ ላይ፣ ያልተቆረጠው ወደ መሬት ይሁን፤ የተቆረጠውም ጫፍ እንደገና መድኃኒት ይቀባ። መዳብ ያለበት መድኃኒት ተራ ሚስማርን ስለሚያዝግ፣ ዚንክ የተለበጠ ሚስማር ይመረጣል።

ከሁሉ የሚሻለው ግን ቋሚውን በድንጋይ ወይም በሲሚንቶ መሠረት ላይ ማቆምና ከአፈር መለየት ነው። የቆርቆሮው ክፈፍ ከግድግዳው ራቅ ብሎ ይውጣ፤ በዙሪያውም የጎርፍ መውረጃ ቦይ ይቆፈር። ማገዶና አፈር በግድግዳው ላይ አይከመር፤ ይህ ለምስጥ መሰላል ማቆም ነውና።

ጥበቃውም በዓመት ሁለት ጊዜ ይሁን። በግንቦት፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ ቦዩን መጥረግና የተነሣውን ቆርቆሮ መምታት ይገባል። በጥቅምት፣ ዝናሙ ካባራ በኋላ፣ የቋሚውን ሥር በወስፌ ጫፍ ወጋ ወጋ ማድረግ ነው፤ ወስፌው ያለ ድካም ከገባ እንጨቱ በስብሷል። በግድግዳው ላይ ቀጭን የጭቃ መንገድ ከታየም ምስጥ ገብቷልና ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ ፈጥኖ መድረስ ያሻል። ከጋራዥ የሚወጣውን የተቃጠለ ዘይት መቀባት የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ወደ አፈሩ እየተንጠባጠበ ጓሮውንና የጉድጓዱን ውሃ ስለሚበክል ቢቀር ይሻላል።

አሁን ደግሞ እናቶችና አባቶች በብርቱ ሊያስቡበት የሚገባውን እንናገር። እንጨትን ከምስጥ የሚጠብቀው መድኃኒት መርዝ ነው። ለብዙ ዘመን በዓለም ሲሠራበት የኖረው፣ እንጨቱን አረንጓዴ የሚያስመስለው መድኃኒት፣ መዳብ፣ ክሮሚየምና አርሴኒክ ያለበት ነው። በአሜሪካ አገር እ.ኤ.አ. ከ2003 መጨረሻ ጀምሮ ይህ መድኃኒት የገባበት እንጨት ለመኖሪያ ቤትና ለልጆች መጫወቻ እንዳይዘጋጅ የተደረገውም ስለዚህ ነው። እንዲህ ያለ እንጨት ፍርፋሪው እንኳ ወደ ምድጃ ከገባ፣ ጢሱ አርሴኒክ ይይዛል፤ የቀረው ግን በአመዱ ውስጥ ይከማቻል። በየቤታችን አመድ ዕቃ ማጠቢያ፣ የጎመን መደብም ማዳበሪያ እንደሚሆን እናውቃለን። ያገለገለ የመብራት ወይም የስልክ ምሰሶ ረክሶ ቢገኝም ለእንጀራ መጋገሪያ፣ ለቡናም ማፍያ አይፈለጥ። ጥቁርና የሚሸተውም ቢሆን እንደዚያው ነው።

ስለዚህ ሲጋዝ አፍና አፍንጫ ይሸፈን፤ ዱቄቱ ተጠርጎ ይሰብሰብ፤ እጅም ከምግብ በፊት ይታጠብ። እህልም በመድኃኒት ከተነከረ እንጨት ጋር ተነካክቶ አይቀመጥ። የእንጨቱ ቁርጥራጭ ማገዶ አለመሆኑን ከቤቱ ሰው ሁሉ ይልቅ ምድጃ የሚያነድደው ሊያውቀው ይገባልና፣ የቤቱ ጌታ ሥራው በተፈጸመበት ቀን ይህን ለልጆችና ለሠራተኞች አስረድቶ፣ ቁርጥራጩን ከማገዶው ለይቶ ያኑር።