አምስት ትምህርት በአንድ ማዕድ

ልጅዎ 10ኛ ክፍልን ሊጨርስ ነው እንበል። ቤት ውስጥ ክርክሩ ተጀምሯል፦ “ተፈጥሮ ሳይንስ ወይስ ማኅበራዊ ሳይንስ?” ምርጫው አይቀርም፤ እውቀት ግን እንዲህ ለሁለት አይቆረጥም።

ለምሳሌ ዓድዋን ይውሰዱ። የጂጂን “ዓድዋ” ዘፈን ከልጅዎ ጋር ያዳምጡና ጦርነቱ ለምን ተነሳ ብለው ይጠይቁት። በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ፣ በአማርኛው ምኒልክ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር ላላቸው ጉዳይ በኢጣሊያ በኩል መላክ ይችላሉ ሲል፣ በጣሊያንኛው ግን ግዴታ አደረገው። በአንድ ግሥ የአገር ነጻነት! ይህ ቋንቋም፣ ታሪክም፣ ፖለቲካም ነው።

ሳይንሱስ? በዚያው ዘመን “ክፉ ቀን” ለተባለው ረሃብ አንዱ ትልቅ ምክንያት ከብቱን የፈጀው የደስታ በሽታ ነበር። ገበሬው የሚያርስበት በሬ አጣ። በሽታውን የሚያመጣው ቫይረስ በክትባት ተሸንፎ በ2003 ዓ.ም. ከዓለም መጥፋቱ ታውጇል።

ስለዚህ ልጅዎ የወደደውን ይምረጥ፤ የተወው ግን ከቤት አይውጣ። ሐኪምም ውል ይፈርማል፣ ጠበቃም ልጇን ታስከትባለች። እርስዎም ማታ “ስንት አመጣህ?” ከማለትዎ በፊት “ዛሬ ምን ተማርክ?” ይበሉት።