ፒንሳውን ቆልፉበት

በጌዴኦ ሶንጎ ሽማግሌዎች ሲዳኙ ምስክር ይሰማል እንጂ አፉ አይለጎምም። ከዲላ በወናጎና በይርጋጨፌ አድርጎ ወደ ጌዴብ በሚሄደው መንገድ ዳር የተደረደሩት ብዙ ጋራዦች ግን ይህ ወግ አልደረሳቸውም። ሹፌሩ «የጭሱ ሙቀት ቀይ ላይ እየወጣ ነው» ባለ ቁጥር መልሱ ያው ነው፦ «ጌጁ ነው የተበላሸው።» ማን ለክቶት? ማንም!

የውሃውን ጌጅ ማለቴ አይደለም። ቱርቦ ባለው አሮጌ የናፍጣ መኪና ላይ ጠንቃቃ ባለንብረት የሚያስገጥመውን፣ ሴንሰሩ ከቱርቦው በፊት ጭሱ መሀል የሚሰካውን ነው የምለው። የውሃው ጌጅ የሚነግርህ ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው፤ ይኼኛው በሰከንዶች ውስጥ ይናገራል። ንጹሕ አሉሚኒየም 660 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል። ፒስተንህም በአብዛኛው አሉሚኒየም ነው። ጭሱ 700 አልፎ ዳገቱን ሙሉ እዚያው ከቆየ፣ ከሞተርህ ጋር እየተሰነባበትክ ነው።

እኔም ደርሶብኛል። በእሸት ቡና ወቅት ኢሱዙዬን ስሙን ወደማልጠራው ጋራዥ አስገባሁት። ልጁ ኮፈኑን እንኳን ሳይከፍት «ጋሼ፣ ጌጁ ነው፤ አይጨነቁ» አለኝና በፒንሳ ገመዱን ቆረጠው። «በቃ፣ ከእንግዲህ አያስቸግርዎትም።» ይህን ጥገና ብሎ ገንዘብ ተቀበለበት!

የተበላሸ ጌጅ ዳገትና ሜዳ አይለይም። ወደ ቡሌ ዳገት ስትነዳ ቀስቷ ወጥታ፣ እግርህን ከነዳጁ ስታላላ የምትወርድ ከሆነ እየነገረችህ ያለችው ስለ ሞተርህ ነው። ማለዳ፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ 300 ላይ ተገትራ ካገኘሃት ያኔ ጌጁን ጠርጥር። የፊት መብራት ስታበራ ብድግ የምትል ከሆነም ኔጋቲቩ ከሻንሲው ጋር በደንብ አልያዘም። ሴንሰሩ በአንድ ዲግሪ የሚያመነጨው 0.04 ሚሊቮልት ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ዝገት የፈጠረው የ4 ሚሊቮልት ልዩነት መቶ ዲግሪ ያሳስትሃል።

መፈተኑ ደግሞ ተአምር አይጠይቅም። ሴንሰሩን ፍታ፣ ጫፉን የፈላ ውሃ ውስጥ ንከር፣ በቴስተር ለካ። ዲላ ከፍታዋ ከ1,500 ሜትር በላይ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው 100 ላይ ሳይሆን 95 አካባቢ ነው፤ አየሩ 20 ዲግሪ ከሆነ ወደ 3 ሚሊቮልት ታገኛለህ። ካገኘህ ሴንሰሩ ጤነኛ ነው። ቀጥለህ የጌጁን ሁለት መግቢያዎች በአጭር ሽቦ አገናኝ፤ ደህና ጌጅ ከሆነ ቀስቷ የጋቢናውን ሙቀት ታሳያለች። ሻይ አዝዘህ ሳይመጣ ያልቃል።

ገመዱ ላይ ያለው ጥፋት ደግሞ ያስቆጣኛል። የተቆረጠን የሴንሰር ገመድ በተራ የመዳብ ሽቦ ይቀጥሉታል። መጋጠሚያው ኮፈኑ ሥር ከሆነ የዚያ ሙቀት ከጋቢናው የበለጠበት ያህል ከንባቡ ላይ ይቀነሳል፤ 700 የደረሰ ጭስ 650 ነኝ እያለ ያታልልሃል። አሜሪካ ሠራሹ የኬ ዓይነት ሴንሰር ላይ ቀዩ ገመድ ኔጋቲቭ ነው፤ ቢጫው ፖዘቲቭ። በባትሪ ገመድ ያደገ እጅ ይህን አያይም፤ ገልብጦ ያስረዋል፤ ሞተሩ በጋለ ቁጥር ቀስቷ ቁልቁል ትሄዳለች። «ይኸው፣ ተበላሽቷል አላልኩም?» ይልሃል።

እውነቱን ለመናገር እሳቱን የሚያነደው ራሱ ጋራዡ ነው። ባለንብረቱ «ዳገት አልጎትት አለኝ» ሲል ፖምፓውን ከፈት ያደርጉለታል። ናፍጣው በዛ፤ አየሩ ግን አልጨመረም። በ2,500 ሜትር ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ በዚያ ላይ ፊልትሮው የገጠር መንገድ አቧራ ጠግቧል፣ የቱርቦው ጎማ ተሰንጥቆ ይተነፍሳል። እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የሰፈረውን የጌዴኦን የእንሰትና የቡና ጥላ ጥቁር ጭስ እየለቀቅንበት የምናልፈው ለዚህ ነው። ጥቁር ጭስ በደንብ ያልተቃጠለ ናፍጣ ነው፤ ከተከፈተ ፖምፓ ሲመጣ ደግሞ ቀስቷም አብራው ትወጣለች። ሁለቱን ለማየት ዓይን እንጂ ዲፕሎማ አያስፈልግም።

ባለንብረቶችም አታመልጡም። እሸት ቡና በተለቀመበት ቀን መፈልፈያው መድረስ እንዳለበት ታውቃላችሁ፤ ስለዚህ ቶሎ ልቀቁኝ ትላላችሁ፣ የቆረጠላችሁን ታመሰግናላችሁ። ቱርቦው ሲሰነጠቅ ኪሳችሁ ይናገራል።

የጋራዥ ባለቤቶች፣ ለልጆቻችሁ ሚሊቮልት የሚያነብ ቴስተር ግዙላቸው። እስኪገዛ ድረስ ፒንሳውን ቆልፉበት።