«ሁለት በመቶ» ከምን ላይ?

የፕሮጀክት ሪፖርት ሲቀርብ መቶኛ መስማት ለምደናል። ግንባታው ይህን ያህል በመቶ ደርሷል፣ ጉድለት ተገኝቶበት ዳግም የሚበየደው፣ የብየዳው የጥገና ድርሻ፣ ሁለት በመቶ ብቻ ነው ይባላል፤ ስብሰባውም ወደ ሌላ አጀንዳ ያልፋል። ሁለት በመቶ ከምን ላይ? ከአዳራሹ ይህን የሚጠይቅ አንድ ሰው መጥፋቱ ያሳዝነኛል።

በአርሲ፣ ከሁሩታ በስተምዕራብ፣ በኢተያ አቅራቢያ፣ የቱሉ ሞዬ የጂኦተርማል ፕሮጀክት አለ። ቁፋሮው በ2012 ተጀመረ፤ ዕቅዱ በመጀመሪያው ምዕራፍ 50፣ በጠቅላላው 150 ሜጋ ዋት ማመንጨት ነው። እንዲህ ባለ ሥራ እንፋሎቱን ከጉድጓድ ወደ ተርባይን የሚያደርሰው የተበየደ የብረት ቱቦ ነው። ዙሪያው 1.6 ሜትር ያህል የሆነ ባለ 20 ኢንች ቱቦ እንውሰድ። መቶ መጋጠሚያ ተበይዶ ሁሉም ራጅ ተነሣ፤ በ12ቱ ላይ 4፣ 4 ሴንቲ ሜትር ጉድለት ተገኘ እንበል። በመጋጠሚያ ከቆጠርን የጥገናው ድርሻ 12 በመቶ ነው። ለእያንዳንዱ መጋጠሚያ አምስት ፊልም ተነሥቶ በፊልም ከቆጠርን 12 ለ500 ይካፈላል፤ 2.4 በመቶ። በርዝመት ከሄድን 48 ሴንቲ ሜትር ለ160 ሜትር ይካፈላል፤ 0.3 በመቶ። የስሌት ስሕተት የለም፣ ቱቦውም ያው ነው። ውሉ የትኛውን ነው የሚለው? ዝም ካለ ተቋራጩ የትኛውን የሚመርጥ ይመስላችኋል?

ከዚህ የባሰም አለ። ከመቶው አሥሩ ብቻ ራጅ ተነሥተው ሁለቱ ቢወድቁ ድርሻው 20 በመቶ ነው። ሁለቱን ለመቶ ያካፈለ ሰው ግን 2 በመቶ ብሎ ይጽፋል። ያልታዩትን ዘጠና መጋጠሚያዎች ጤነኛ ናቸው ያለው ማን ነው?

ከብየዳ በኋላ ለብረቱ ወደሚሰጠው ሙቀት እንምጣ። ብየዳ በዙሪያው ያለውን ብረት ያጠነክራል፣ ውስጡም ውጥረት ይተዋል። ስለዚህ ወፍራም የካርቦን ብረት ከተበየደ በኋላ ከ595 እስከ 650 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሞቃል፤ ለእያንዳንዱ 25 ሚሊ ሜትር ውፍረት አንድ ሰዓት ያህል በዚያው ሙቀት ይቆያል፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ይቀዘቅዛል። ከዚህ በኋላ ተፈልፍሎ እንደገና የተበየደው መጋጠሚያስ ዳግም ሞቋል? የሙቀቱ መዝገብ የታለ? ራጁ የተነሣው ከሙቀቱ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ክሮሚየምና ሞሊብዲነም ያለበት ብረት ሲሞቅ ሊሰነጠቅ ስለሚችል፣ ከሙቀቱ በፊት በተነሣ ፊልም ላይ ብቻ የተሰላ ድርሻ የኋላውን ስንጥቅ አያውቀውም።

የእንፋሎት ቱቦው ቀጭን ስለሆነ ይህ አይመለከተንም የሚል መልስ ይመጣ ይሆናል። እውነት ነው፣ ለቀጭን የካርቦን ብረት ደንቡ ይህን ሙቀት በአብዛኛው አያስገድድም። ነገር ግን ከምድር የሚወጣው እንፋሎት ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ይዞ ይመጣል፤ ይህ ጋዝ ከእርጥበት ጋር ሲሆን ከመጠን በላይ የጠነከረን ብየዳ ይሰነጥቃል። የብየዳው ጥንካሬ ተለካ? በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ፣ የአርሲ ደጋ ብርድ ብረቱን ባቀዘቀዘበትና ጤዛ ባረፈበት ሰዓት፣ ቱቦው ሳይሞቅና ሳይደርቅ ኤሌክትሮድ ተለኮሰ?

በነሐሴ 2010 የሕዳሴው ግድብ የኤሌክትሮሜካኒካልና የብረት ሥራ ከብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን (ሜቴክ) ተወሰደ። ያኔ የነበረው ክርክር በአብዛኛው ስለ መዘግየትና ስለ ገንዘብ ነበር። ስንት መጋጠሚያ ተመረመረ፣ ስንቱ ወደቀ፣ ስንቱ ሁለት ጊዜ ተጠገነ ብለን አጥብቀን ጠይቀናል? የግድብ ብረት ላይ ያልጠየቅነውን የእንፋሎት ቱቦ ላይ እንጠይቃለን?

የበያጁም ጉዳይ አለ። ጠቅላላው ድርሻ 2 በመቶ ሲሆን የአንዱ በያጅ ዜሮ፣ የሌላው 9 ሊሆን ይችላል። ጥገናው በየበያጁ መለያ ቁጥር ካልተመዘገበ፣ አሰላ ሙያውን ተምሮ የወጣው የሁሩታ ልጅ የጥሩ እጁ ምስክር ምንድን ነው? የመጀመሪያው የብየዳ መስመር ደጋግሞ የሚበላሽበትስ መቼ ተጠርቶ እንደገና ይሠለጥናል? ተቋራጩ ይህን መዝገብ፣ አካፋዩን በግልጽ ጽፎ፣ በየሳምንቱ ለፕሮጀክቱ ባለቤት እንዲያስረክብ በውሉ ውስጥ ለማስገባት ምን ይከለክለናል?