ተሸናፊ ይከፍላል?

በርበሬ በረንዳ ያደገ ሰው ሁለት ነገር ሳይማር አያልፍም። አንደኛው ሳያስነጥሱ መተንፈስ ነው። ሁለተኛው «ተሸናፊ ይከፍላል» የሚለው ሕግ ነው። የመጀመሪያው እስከ ዛሬ ጠቅሞኛል። ከሁለተኛው ጋር ግን ልጣላ ነው ብዕር ያነሳሁት።

ሕጉን የማያውቅ አንባቢ ካለ ላስረዳ። ጆተኒ ቤት ብትገቡ፣ ከረንቡላ ቤት ብትገቡ፣ ፕሌይስቴሽን ቤት ብትገቡ፣ የጨዋታውን ሂሳብ የሚከፍለው የተረታው ነው። ያሸነፈው በነፃ ተጫውቶ፣ ወንበሩን እንደያዘ «ቀጣይ!» እያለ ይጣራል። ላይ ላዩን ሲያዩት ፍትሐዊ ይመስላል። ለጆተኒ አይከፋ ይሆናል። እኔና ጥቂት ጓደኞቼ ለምንወደው ጨዋታ ግን መርዝ ነው።

ጨዋታችን «ኪንግ ኦፍ ፋይተርስ» ይባላል። ጃፓኖች እ.ኤ.አ. በ1994 የጀመሩት የፍልሚያ ጨዋታ ነው። ተጫዋቹ ሦስት ተፋላሚዎች መርጦ በተራ ያሰልፋል፤ አንዱ ሲወድቅ ሌላው ይተካል። 15ኛው እ.ኤ.አ. በ2022 ወጥቷል። በዓለም መድረክ እንኳ «ስትሪት ፋይተር» እና «ተክን» በሚባሉት ጥላ ሥር የሚኖር ጨዋታ ነው። እኛ ሰፈርማ ስሙን የሚያውቅ ከተገኘ ቡና ይጋበዛል።

አንድ የምናዘወትረው ቤት አለ። አራት ቴሌቪዥን አለው፤ በአራቱም ላይ ኳስ ነው። ስሙ እ.ኤ.አ. በ2023 ቢቀየርም እኛ ዛሬም «ፊፋ» የምንለው ጨዋታ ማለቴ ነው። ባለቤቱን «ጋሼ፣ አንዱን ለእኛ ይልቀቁልን» ብላቸው፣ «ማን ይጫወተዋል? ሰው የለውም እኮ!» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ግን ሰው ያጣው ለምንድን ነው?

ኳሱ ሰው የሚሰበስብለት ማኅበር አያስፈልገውም፤ ማኅበሩ አስቀድሞ ተመሥርቶለታል። ልጁ ቤቱ የሚገባው የአርሰናል ወይም የማንቸስተር ደጋፊ ሆኖ፣ ደንቡንም ከመንገድ ላይ ተምሮ ነው። ጀማሪ ቢሆን እንኳ አንድ ጎል ሊቀናው ይችላል። በፍልሚያ ጨዋታ ግን ዕድል የሚባል ዘመድ የለም። ዓመት የተጫወተ ሰው ጀማሪውን ደቂቃ ሳይሞላ፣ ምን እንደመታው እንኳ ሳይገባው ይዘርረዋል። ከፍሎ ይደግማል፤ ይዘረራል። ሠልሶ ይከፍላል፤ ይዘረራል። ከዚያ የምሳው ብር ሲያልቅ «ይሄ ደግሞ ምኑ ጨዋታ ነው!» ብሎ ወደ ኳሱ ይመለሳል። እኛ አንድ ሰው አሸነፍን እንላለን። በእርግጥ ያደረግነው አንድ ሰው ማባረር ነው።

በሌላው ላይ ጣቴን ከመቀሰሬ በፊት የራሴን ልናገር። አንድ ቅዳሜ፣ በኩሊነት የሚሠራ ልጅ ከኋላችን ቆሞ ሲያይ ቆየና «እኔም ልሞክር?» አለ። ሰባት ጊዜ አሸነፍኩት። ሰባት ጊዜ ከፈለ፣ ያውም የተጨማደደውን ብር እያቃና። ጓደኞቼ ሳቁ፤ እኔም ኮራሁ። ልጁ ዳግመኛ አልመጣም። ኋላ ጆንያ ተሸክሞ መንገድ ላይ ተላለፍን፤ አላየኝም፣ ወይም እንዳላየ ሆነ። ያን ዕለት ያሸነፍኩት ጨዋታ የቀን ሥራውን የበላ መሆኑ የገባኝ ያኔ ነው።

«እኛስ ከፍለን አይደል የተማርነው?» የሚሉ ነባሮች አሉ። አዎን፣ የቀረነው መክፈል የቻልነው ነን። መክፈል ያልቻሉት እዚህ ስለሌሉ አይከራከሩንም። ወላጆች ደግሞ «ቡጢ እያየ ይባልጋል» ይላሉ። ቡጢው ሥዕል ነው፤ ሥጋታቸው ብሩ ላይ ቢሆን ግን እደግፋቸዋለሁ። ተሸናፊው የሚከፍልበት ጨዋታ ለቁማር አንድ እርምጃ ነው የቀረው።

ብቻውን የጎበዘ ተጫዋች ደግሞ የለም። አርስላን አሽ የሚባለውን የላሆር ልጅ ተመልከቱ። ከተክን በፊት እጁን ያፍታታው በእኛው በኪንግ ኦፍ ፋይተርስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 በጃፓንም፣ በላስ ቬጋስም በተካሄዱት የኢቮ ውድድሮች በተክን አሸነፈ። ዓለም «ፓኪስታን ደግሞ ከየት መጣች?» ብሎ ሲደነቅ፣ እሱ አገር ቤት የማያንሱት ተጫዋቾች እንዳሉ ተናገረ። ጉራ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2023 አምስተርዳም ላይ የተክንን የዓለም ፍጻሜ ያሸነፈው አቲፍ በት የተባለ ሌላው የአገሩ ልጅ ነው። እንግዲህ እኔ ያን ልጅ ሳባርር ተቀናቃኜን፣ ማለትም አስተማሪዬን ማባረሬ ነው።

መፍትሔው ከጃፓን አይመጣም፤ እዚሁ መርካቶ አለ። የዚህ ገበያ ሰው ባንክ ፊቱን ሲያዞርበት ዕቁብ ገብቶ ነው ሱቅ የከፈተው። ዕድራችንንም ተመልከቱ፤ ኀዘን የደረሰበት ሰው ብቻውን ይክፈል ያለ ዕድር አለ? ሁሉም እኩል ያዋጣል፤ የወደቀውን ሁሉም ያነሳል። ታዲያ አባቶቻችን ለሞት ያወጡትን ሕግ እኛ ለጨዋታ ማውጣት ለምን ያቅተናል?

ያሰብኩት ይህ ነው። እሑድ ከሰዓት አንድ ቴሌቪዥን ለሁለት ሰዓት እንከራይ። ሂሳቡን ነባሮቹ እኩል እናዋጣ፤ ጋሼም ከኳሱ የሚያገኙትን አይጡ። ጀማሪ የመጀመሪያውን ወር አይክፈል። ያሸነፈ ወንበር ይዞ አይቀመጥ፤ ከጀማሪው ጎን ሆኖ የተመታበትን ያሳየው። በብር የሚወራረድ ይውጣ።

አራት ሰዎች ነን። «በአራት ሰው ምን ማኅበር አለ?» የሚል አይጠፋም። ባለ አራት ሰው ዕቁብ አይተን አናውቅምን? ከጋሼ ጋር ተነጋግሬ የፊታችንን እሑድ ይዣለሁ። በሳምንቱ ውስጥ ደግሞ ጆንያ የሚራገፍበት ሄጄ ያን ልጅ እፈልገዋለሁ። የሰባት ጨዋታ ዕዳ አለብኝ።