የእጅ ሙያ አይናቅም፤ ላካ ግን በተዘጋ ክፍል አይቀባም



ባለፉት እትሞች ስለ ኡልፓን፣ ስለ ቤት ኪራይ ውልና ስለ ልጆች የትምህርት ቤት ምዝገባ ጽፈን ነበር። በዛሬው ዓምዳችን ደግሞ የልጆች ጨዋታ ስለሚመስል ነገር እንነጋገራለን። እሱም ከእንጨት ተቀርጾ፣ ቀለም ተቀብቶና ላካ ለብሶ ዓሣ ለማጥመድ የሚያገለግል የሐሰት ዓሣ ነው። በዕብራይስጥ ድሙይ ይባላል። ለምን እንደጻፍንበት ከታሪኩ ትረዱታላችሁ።

እዚህ ፔታህ ቲክቫ የምንከታተለው አንድ ቤተሰብ አለ። አባትየው ከጎንደር ገጠር የመጡ ቀጥቃጭ ናቸው። እድሜያቸውን ማረሻና ማጭድ ሲሠሩ ኖረው አሁን በጽዳት ሥራ ይተዳደራሉ። ባንክም ሆነ ቁፓት ሖሊም ሲሄዱ አስተርጓሚያቸው የ14 ዓመት ልጃቸው ነው። ልጁ የወላጆች ስብሰባ ወረቀት ሲሰጠው ሳያሳያቸው ይቀር ነበር። ለምን ብለን ብንጠይቀው «አባቴ ምን ሊገባው ነው?» አለን። አባትየው በር ላይ ቆመው ሰምተዋል። አንድም ቃል ሳይመልሱ ኮታቸውን አንሥተው ወጡ።

እንደሚታወቀው በአገር ቤት አባቶቻችን ርስት ስለተከለከሉ በብረት ሥራና በሽመና፣ እናቶቻችንም በሸክላ ሥራ ይተዳደሩ ነበር። ጎረቤት ማረሻውን ይገዛል፣ ሠሪውን ግን «ቡዳ» ይለዋል። ከጎንደር ከተማ አጠገብ ያለችው ወለቃ በሸክላ ምስሎቿ በውጭ አገር ጎብኚዎች ዘንድ ስሟ የታወቀ ነው፤ ምስሉን የሠሩት እጆች ግን የረባ ክብር አላገኙም። ስለዚህ እዚህ ከደረሱም በኋላ «ሙያዎ ምንድን ነው?» ሲባሉ «ምንም የለኝም» የሚሉ አባቶች ያጋጥሙናል።

ወደ ታሪካችን እንመለስ። ልጁ ከሩሲያ ከመጡ ጎረቤቶች ልጅ ጋር ዓሣ ማጥመድ ለመደ። በሱቅ የሚሸጠው ድሙይ ዋጋው አልቀመስ ስላለው የጓደኛውን ተውሶ ቤት አመጣ። አባትየው አገላብጠው አዩትና «ይህማ እንጨት ነው» አሉ። በማግስቱ ከተጣለ የፍራፍሬ ሳጥን ቀለል ያለ ጣውላ መርጠው በቢላዋ ቀረጹ። ልጁ አጠገባቸው ተቀምጦ እንዴት እንደሚይዙት ሲመለከት አመሸ። እኛም ይህን ስንሰማ ደስ ብሎን «ቀጥሉበት፣ ቀለምም ግዙ» ብለን አበረታታናቸው።

ወሩ ዝናብ ስለነበር ላካውን የቀቡት በማማድ ውስጥ ነበር። የብረቱ መስኮት ተዘግቷል፣ በሩም ተዘግቷል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ልጁ ራሱን አመመው፣ አስታወከውም። ወደ ሐኪም ተወስዶ ንጹሕ አየር ካገኘ በኋላ ደኅና ሆነ። ጥፋቱ የእኛም ጭምር ነው። ቀለም ግዙ ስንል የት እንደሚቀቡ አልጠየቅንም። ማማድ ከውጭ አየር እንዳያስገባ ተደርጎ የተሠራ ክፍል ስለሆነ ለቀለምና ለላካ ከሁሉ የከፋ ቦታ ነው።

አባትየው ከዚያ በኋላ ዕቃውን ሁሉ ሊጥሉ ፈለጉ። «አይጣሉት፣ ቦታውን እንለውጥ» አልናቸው። አሁን ከሕንፃው በታች፣ በምሰሶዎቹ መካከል ባለው ክፍት ቦታ ይሠራሉ። ከእነሱ የተማርነውን እነሆ።

እንጨቱ በደንብ የደረቀ ይሁን። በሸካራ ወረቀት (ኒያር ዝኹኺት) እስኪለሰልስ ይታሻል። ቀጥሎ ቀለም ከመቀባቱ በፊት ስስ ላካ ይጠጣል። ምክንያቱም ያልተደፈነ እንጨት ውሃ ስቦ ያብጣል፣ ሲያብጥም ቀለሙን ይሰነጥቀዋል። የልጁ እናት ይህን ስትሰማ ሳቀችና «ይህ እኮ ማሟሸት ነው! አዲስ ምጣድ በጎመን ዘር ሳይሟሽ ማን ይጋግርበታል?» አለች። ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላገኘንም።

ከዚያ ነጭ ቀለም ይቀባል፤ ነጩ ከሥር ካለ የላዩ ቀለም ደምቆ ይታያል። ከሱ በላይ በውሃ የሚበጠብጡት አክሪሊክ ቀለም ይሆናል። ጀርባው ጠቆር፣ ሆዱ ነጣ ይበል። እውነተኛው ዓሣም እንዲሁ ነው፤ ከላይ ሲያዩት ከጥልቁ ውሃ፣ ከታች ሲያዩት ከሰማዩ ብርሃን ይመሳሰላል። ቅርፊት ለማስመሰል የሽንኩርት ከረጢት መረቡን በእንጨቱ ላይ ወጥረው በስፖንጅ ጠቅ ጠቅ ማድረግ ነው። መረቡ ሲነሣ ቅርፊቱ ተሥሎ ይገኛል።

በመጨረሻ መስተዋት የሚመስለው ላካ ይመጣል። አንድ ጊዜ ወፍራም አድርጎ ከመቀባት ሁለት ሦስት ጊዜ በስሱ መቀባት ይሻላል። ቀለሙ ሳይደርቅ ከተቀባ ይጨማደዳል፤ ስለዚህ አስቀድማችሁ በቁራጭ እንጨት ላይ ሞክሩት። አየሩ እርጥብ በሆነ ቀን ላካው ደመና መስሎ ሊነጣ ይችላል፤ ደረቅ ቀን ምረጡ። ከሁለት ጠርሙስ የሚደባለቀው ኤፖክሲ ከሆነ በመመሪያው ልክ ተለክቶ ይደባለቃል። እስኪረጋ ድረስ ዓሣው በዝግታ ይሽከረከራል፤ ካልሆነ ወደ አንድ ወገን ይንጠባጠባል። እስከ ማግስቱ አትንኩት። መንጠቆው የሚገባው በስተመጨረሻ ነው።

አሁን ደግሞ ጥንቃቄውን በሚገባ አንብቡልን።

ላካና ኤፖክሲ ደጅ ወይም መስኮቱ ሁሉ በተከፈተ ቦታ ብቻ ይቀባ። ሕፃናትና ነፍሰ ጡር ሴቶች አጠገቡ አይቀመጡ። የላካ ጭስ በቀላሉ በእሳት ስለሚያያዝ ከጋዝ ምድጃ፣ ከሰንበት ሻማና ከፕላታ ይራቅ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ በጥድፊያ የሚሠራ ሥራ አይደለም። ኤፖክሲ ቆዳን ስለሚያስቆጣ ጓንት ይደረግ። ባዶ የኮካ ኮላ ጠርሙስ ውስጥ ላካ አታስቀምጡ፤ ልጅ ይጠጣዋል።

ብረት የማቅለጥ ሙያ ላላቸው አባቶች ደግሞ ልዩ ማሳሰቢያ አለን። ለማጥመጃው ክብደት ብላችሁ እርሳስ በቤት ውስጥ አታቅልጡ። ጭሱና ብናኙ የልጆችን አእምሮ ይጎዳል።

ወደ ውሃው ስንመጣ፣ የያርቆን ምንጮች ከከተማችን በስተምሥራቅ ቴል አፌቅ አጠገብ ናቸው። በብሔራዊ ፓርክና በተፈጥሮ ጥበቃ ቦታ ማጥመድ በሕግ ስለሚከለከል ከመሄዳችሁ በፊት ጠይቁ። በአገር ቤት ብርብራ ወቅጦ ውሃ ውስጥ መጨመር የተለመደ ነው፤ እዚህ ግን ዓሣን በመርዝ መያዝ ክልክል ነው። የወንዙም የታችኛው ክፍል ለብዙ ዓመታት በጣም ተበክሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1997 የማካቢያ ድልድይ ፈርሶ 4 የአውስትራሊያ ስፖርተኞች ሞተዋል፤ አንዳንዶቹን የገደላቸው የውሃው ብክለት ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ የጽዳት ሥራ ተሠርቷል። ቢሆንም ከወንዝ የተያዘውን ሁሉ ለመብላት አትቸኩሉ። ኦሪትም ክንፍና ቅርፊት ያለውን ብቻ ብሉ ይላል። ስለዚህ በጣና የምናውቀው አምባዛ እዚህም አይበላም፣ ቆሮሶ ግን ይበላል። እዚህ ቆሮሶን አምኑን ይሉታል።

ይህ የድሆች ሙያ መሆኑ አያሳፍርም። በዓለም ሁሉ የታወቀውን ራፓላ የተባለውን የሐሰት ዓሣ እ.ኤ.አ. በ1936 የሠራው ላውሪ ራፓላ የተባለ ድሃ የፊንላንድ ዓሣ አጥማጅ ነበር። ከቡሽ ቀርጾ፣ በቸኮላት መጠቅለያ ብልጭልጭ ወረቀት ሸፍኖ፣ ላካ ስላልነበረው የፎቶግራፍ ፊልም አቅልጦ ቀባው። የያዘው ቢላዋና የእጁን ብልሃት ነበር።

ያ ልጅ ዛሬም በባንክ ለአባቱ ያስተረጉማል። ያ አልተለወጠም። ነገር ግን ከምሰሶዎቹ ሥር ተቀምጠው ባየናቸው ቀን የሚጠይቀው ልጁ ነበር፣ የሚመልሱትም አባትየው። «አባዬ፣ ሆዱን ከዚህ ላይ ልቀንሰው?» «ቆይ፣ መጀመሪያ በእጅህ መዝነው።» አስተርጓሚ አላስፈለጋቸውም። የሚቀጥለውን የወላጆች ስብሰባ ወረቀት ልጁ ራሱ አምጥቶ ሰጥቷቸዋል፤ አባትየውም ሄደዋል።

ወላጆች ሆይ፣ በእጃችሁ የምታውቁትን ነገር ለልጆቻችሁ አሳዩ። ሽመና ይሁን፣ ስፌት ይሁን፣ ሸክላ ይሁን፣ ዕብራይስጡ እስኪመጣ አትጠብቁ። መስኮቱን ግን ክፈቱ።

በሰላም ያገናኘን።